ጀሪካኑ እዚያው ቆሞ ነበር

በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። አዳማ (ለእናቴ ዛሬም ናዝሬት ናት) የኖረ ሰው ቢጫ ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ውሃ በመጣ ሌሊት ተነስተን እንሞላለን፣ ከዚያ እየመጠንን ሳምንት እንገፋለን። ሳያስፈቅድ አንዷን ጀሪካን ያጋደለ ሰው ቤታችን ውስጥ ከሌባ እኩል ነው የሚታየው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ሊቀዳ ሲል፣ የሦስት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ስኒ ላንሳ ብላ ስትንጠራራ ጀበናውን ገፋችው። ቡናው ከክርኗ እስከ እጇ ወረደባት። ጩኸቷን አልገልጸውም። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ፣ በወጥ ቤቱ በኩል ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ የጥርስ ሳሙና ይዤ ተመለስኩና ክንዷን ለቀለቅኩት። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። “ያቀዘቅዛል” የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አይቼ ይሁን ከልጅነቴ የሰማሁት እንጃ። አክስቴ እንቁላል አምጡ አለች። ሌላው የቡና ዱቄት።

ከጎረቤት እየሮጡ የመጡት አዴ ብቻ ናቸው “ቢሻን! ቢሻን!” ያሉት። ውሃ፣ ውሃ ማለታቸው ነው። “ኧረ ውሃ ከነካው ውሃ ይቋጥራል!” ብለን ሁላችንም ተንጫጫንባቸው። እኔም ጭምር።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ የነርሷ የመጀመሪያ ጥያቄ “ውሃ አፍስሳችሁበታል?” የሚል ነበር። “ውሃ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው” አልኳት። እሷም የደረቀውን የጥርስ ሳሙና እያራሰች ማንሳት ጀመረች። ልጅቷ ቡናው ሲፈስባት ከጮኸችው በላይ ያኔ ነው የጮኸችው፤ እግሯን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ቤት ስንመለስ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሙሉ ጀሪካን ቆሟል። የጥርስ ሳሙና ፍለጋ ስሮጥ በአጠገቡ ነው ያለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ማንበብና ባለሙያ መጠየቅ ያዝኩ። በአዳማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ወደ 95 ዲግሪ ላይ ነው። ቡናው ከቆዳ ላይ ወርዶ ቢያልቅም የተወው ሙቀት እዚያው ይቀራል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ምጣድ እንደሚያበስለው ማለት ነው። ይህን ሙቀት መዝዞ የሚያወጣው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ለዚያውም ለ20 ደቂቃ። ወዲያው ቢሆን ይመረጣል፤ ግን ከተቃጠለ እስከ 3 ሰዓት ድረስም ይጠቅማል። ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና ሙቀቱን አፍነው ያስቀሩታል፣ ጀርም ይጨምራሉ፣ ሐኪሙም ቁስሉን እንዳያይ ይሸፍኑበታል። ውሃ የሚቋጥረው ደግሞ ቃጠሎው ራሱ ነው፣ የፈሰሰው ውሃ አይደለም። የቋጠረውን አታፍርጡት።

“20 ደቂቃ ሙሉ? በዚህ በውሃ እጦት?” ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ስለዚህ ለካሁት። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። በደቂቃ አንድ ሊትር በጆግ ቀስ እያደረጋችሁ ብታፈሱ ልክ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከስር ሳፋ አድርጉ፤ የወረደው ለሽንት ቤት ይሆናል፣ አይባክንም። ከዚያም ያነሰ ውሃ ካላችሁ ንጹህ ጨርቅ እየነከራችሁ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

አንድ የቆላ ነገር ልጨምር። ጣሪያ ላይ ሮቶ ያላችሁ ሰዎች፣ እኩለ ቀን ላይ ቧንቧው መጀመሪያ የሚያመጣው ውሃ ፀሐይ የመታው ትኩስ ነው። በእጃችሁ ሳትሞክሩ ቁስል ላይ እንዳትለቁት። ጥላ ውስጥ የዋለ ጀሪካን ይሻላል። በረዶ ግን አይሆንም፤ ቆዳውን ራሱን ይጎዳል። ልጅ ከሆነ ደግሞ የተቃጠለውን ክፍል ብቻ አቀዝቅዙ፣ ሌላውን ሰውነት ሸፍኑት፤ ይበርደዋል። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ሳያብጥ ቶሎ ይውጣ። ልብስም እንዲሁ፣ ከቆዳው ጋር ከተጣበቀ ግን አትንኩት።

ውሃው ሲያበቃ በንጹህ ጨርቅ ወይም ምግብ በሚሸፈንበት ስስ ላስቲክ ሳታጠብቁ ሸፍኑ። እጅ ከሆነ አዲስ ፌስታል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ማርስ? ሐኪም ቤት ለቁስል የሚውል ማር አለ፣ ግን ከጀርም የጸዳ ነው፤ ከገበያ የገዛነው አይደለም።

ከዚያ ሐኪም። ከተጎጂው መዳፍ የሚበልጥ ቃጠሎ፣ ፊት፣ እጅ፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ያለ፣ የኤሌክትሪክ፣ የኬሚካል፣ የሕፃን ቃጠሎ ሁሉ ቤት አይታከምም። ከባድ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው፣ አቤት ሆስፒታልም በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ “ቃጠሎ” የሚል ቃል አለበት። ከአዳማ በፈጣን መንገዱ ሩቅ አይደለም። ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከቡልቡላ ግን አስቡት። ያቺ 20 ደቂቃ የምታልፈው ቤት ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 180,000 ያህል ሰው በቃጠሎ እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኛው እንደ እኛ ባሉ አገሮች።

ስለ ቃጠሎ ካነሳን አይቀር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምድጃ ላይ ሲወድቅ “ይጋባል” ብሎ የሚሸሽ አለ። አይጋባም። ጎትታችሁ አውጡት። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ምንም አይሠራም።

ቁስል ላይ ሌላው ልማዳችን የቡና ዱቄት መነስነስ ነው። ባጃጅ ገጭቶት ጉልበቱ የተላጠ ጓደኛዬ ላይ ራሴ ነስንሻለሁ፣ አልክድም። ደም የሚያቆመው መጫን ነው፦ ንጹህ ጨርቅ አድርጋችሁ ለ10 ደቂቃ “ቆመ ወይ?” ብላችሁ ሳትገልጡ ጫኑት። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ሌላ ጨምሩ። የተሰካ ስለት ወይም ጠርሙስ ካለ አትንቀሉ። ጭረትና ትንሽ ቁስል በውሃና በሳሙና ይታጠባል። ጋሪ በሚበዛበት ከተማ የፈረስ እበትና አፈር የነካው ቁስል ግን ታጥቦ ብቻ አይተውም፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ተህዋሲ የሚኖረው እዚያው ነው። ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፤ እኛ ወንዶች ግን መቼ እንደተከተብን እንኳ አናውቅም። ጠይቁ። ውሻ ከነከሳችሁ ደግሞ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡና በዚያኑ ቀን ለክትባት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ያው እንደገና ጀሪካን።

ስልካችሁ ላይ 907 መዝግቡ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

የወንድሜ ልጅ ክንድ ድኗል፣ ክርኗ አጠገብ ቆዳው ትንሽ ሸብሸብ ብሎ ቀርቷል። ትልልቅ ሰዎች ሲጠይቋት “ቡና ጠጣሁበት” ትላለች። አዴን ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሳቁብኝ። ወጥ ቤቱ በር ጀርባ አንዲት ጀሪካን አለች፣ አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬባታለሁ። በቀደም ውሃ ለስድስት ቀን ጠፍቶ እናቴ እቃ የምታጥብበት እንኳ አጥታ ነበር። ጀሪካኗን ሁለቴ አየቻት። ከዚያ ለአክስቴ ደውላ “ውሃ አላችሁ?” አለች።