አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ለዌብሳይቶች ሰርቨር በሚያከራይ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ጠዋት ከምከፍታቸው የኢሜይል ሳጥኖች አንዱ የአቤቱታ ነው። «ዘፈኔን ያለፈቃዴ ጭነውታል»፣ «ፊልማችን በደንበኛችሁ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል» የሚል ነው አብዛኛው። አሠራሩን የደነገገው በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አቤት ባዩ የትኛው ሥራ በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ለይቶ ይጽፋል። እኛ ፋይሉን እናነሣለን፤ ለደንበኛው እናሳውቃለን። ደንበኛው ተከራክሮ ከጻፈና አቤት ባዩ ፍርድ ቤት ካልሄደ፣ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ፋይሉ ወደ ቦታው ይመለሳል።

እንከን የለሽ ሕግ አይደለም። ዛሬ የተነሣ ዘፈን ነገ በሌላ ስም ይጫናል፤ የሐሰት አቤቱታም አይጠፋም። ነገር ግን ምቱ የሚያርፈው በተከሰሰው ፋይል ላይ ነው፤ የተመታውም መልስ የሚሰጥበት በር አለው።

በ2011 ለአሜሪካ ኮንግረስ የቀረቡት ሁለት ረቂቆች ይህን ሊለውጡት ነበር። አንደኛው ሴናተር ፓትሪክ ሊሂ በሜይ ያቀረቡት «ፒፓ»፣ ሁለተኛው የቴክሳሱ ተወካይ ላማር ስሚዝ በኦክቶበር ያቀረቡት «ሶፓ» ነው። መነሻቸው እውነተኛ ችግር ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ተቀምጠው የሰው ፊልምና ሙዚቃ የሚቸረችሩ ገጾች አሉ፣ ባለቤቶቻቸውን የአሜሪካ ፍርድ ቤት በቀላሉ አያገኛቸውም። ስለዚህ ረቂቆቹ እጃቸውን በቅርብ ወዳሉት ዘረጉ። የኢንተርኔት አቅራቢው የገጹን ስም እንዲያግድ፣ የፍለጋ ድርጅቱ ከውጤቱ እንዲሰርዝ፣ ገንዘብ አስተላላፊው ክፍያ እንዲያቆም፣ የማስታወቂያ ድርጅቱ ውል እንዲያቋርጥ ሊታዘዙ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለሙያዬ የሚቀርበው የስሙ ጉዳይ ነው። የአንድን ገጽ ስም ስንጽፍ፣ ዲኤንኤስ የሚባለው ሥርዓት ወደ ቁጥር አድራሻ ይመልስልናል። አቅራቢው መልሱን እንዲከለክል ቢታዘዝ ሰርቨሩ ካለበት አይነቃነቅም፤ ፋይሉም እዚያው አለ። ተጠቃሚው በስልኩ ቅንብር ላይ የውጭ አገር ዲኤንኤስ ቁጥር ካስገባ እገዳውን ያልፈዋል። የሚብሰው ግን ጉዳቱ ነው። የዲኤንኤስ መልስ በመንገድ ላይ እንዳይጭበረበር በዲጂታል ፊርማ የሚያረጋግጠው ዲኤንኤስሴክ፣ በሥርዓቱ ቁንጮ ላይ ሥራ የጀመረው በጁላይ 2010 ነበር። ፊርማው መልሱን የለወጠው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይሁን የባንክ ደንበኞችን የሚያጠምድ አጭበርባሪ ለይቶ አያውቅም። ስቲቭ ክሮከር፣ ፖል ቪክሲና ዳን ካሚንስኪ ያሉበት የአምስት ባለሙያዎች ጽሑፍ ይህንን በሜይ 2011 አብራርቶ ነበር።

ምሳሌም አልጠፋም። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ፣ የአሜሪካ መንግሥት የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ምስሎችን ለማስወገድ በወሰደው እርምጃ አንድ የዌብሳይት ስም ሲይዝ፣ ከሥሩ የነበሩ ወደ 84,000 የሚጠጉ ንዑስ ገጾች አብረው ታገዱ። ምንም ያላጠፉ ሰዎች በገጻቸው ላይ የከባድ ወንጀል ማስታወቂያ ተለጥፎ አዩ። ዓላማው ማንም የሚደግፈው ነው፤ የተሳሳተው መሣሪያው ነው።

እንዲህም ሆኖ በኖቬምበር 16 የተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ ስለ ሶፓ ሲሰማ፣ ከስድስቱ ምስክሮች መካከል የኔትወርክ መሐንዲስ አልነበረም። በዲሴምበር አንቀጾቹ ሲታዩ፣ ቴክኒኩን እንደማያውቁት በግልጽ የተናገሩ አባላት ነበሩ፤ የዩታው ተወካይ ጄሰን ቻፌትስ ባለሙያዎች ተጠርተው እንዲጠየቁ አሳሰቡ። ከኢንተርኔት መሥራቾች አንዱ የሆኑት ቪንት ሰርፍ ያሉበት የ83 መሐንዲሶች ግልጽ ደብዳቤ የወጣውም በእነዚያው ቀናት ነው።

ለክርክሩ ጉልበት የሰጠው ሕዝቡ ነው። የሬዲት ተጠቃሚዎች ሶፓን ከሚደግፈው የዌብሳይት ስም መዝጋቢ ከጎዳዲ ስማቸውን ሊያዛውሩ ሲዝቱ፣ ድርጅቱ በዲሴምበር 23 ድጋፉን አነሣ። በጃንዋሪ 18 ቀን 2012 እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ለ24 ሰዓት፣ ሬዲት ለ12 ሰዓት ጨለሙ፤ ጉግል አርማውን በጥቁር ሸፈነ፣ የተቃውሞ ፊርማውንም ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ። ከሁለት ቀን በኋላ የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሃሪ ሪድ ለጃንዋሪ 24 የተቀጠረውን ድምፅ አሸጋገሩ፤ ስሚዝም የራሳቸውን ረቂቅ አቆዩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አልተነሡም።

ስለ ጃንዋሪ 18 ሲወራ ሁለት ነገር ይዘነጋል። ጥቁሩ ገጽ ከመዘርጋቱ ከቀናት በፊት ሊሂና ስሚዝ ስም የማገዱን አንቀጽ እንደሚያወጡ ተናግረው ነበር። ስለዚህ «ኢንተርኔት ሊዘጋ ነው» እያለ ያጋራው ሁሉ ረቂቁ የደረሰበትን አንብቦ ነበር ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ በተቃውሞው ማግስት የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የፋይል ማከማቻ የሆነውን ሜጋአፕሎድን በነባሩ ሕግ ዘጋ። ይህም ውጭ አገር የተቀመጠ ተጠርጣሪ ጨርሶ አይደረስበትም የሚለውን ያሳሳል። ግን ሕጋዊ ፋይላቸውን እዚያ ያስቀመጡ ደንበኞችም አብረው ንብረታቸውን አጡ። ነባሩም ሕግ ቢሆን በሰፊው ሲሰነዘር ጎረቤት ይመታል።

ተቃዋሚው ሕዝብ ረቂቆቹን አስቆመ፤ የሙዚቀኛው ድካም እንዴት ይከፈል የሚለውን ጥያቄ ግን መመለስ አይችልም ነበር። ያ ጥያቄ ዛሬም በየጠዋቱ በአቤቱታው ሳጥን ውስጥ አለ፤ አንዳንዱም በአማርኛ ዘፈን ላይ የቀረበ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የሜይ 2011 ጽሑፍና የጃንዋሪ 2012 ተቃውሞ ስለ ዲኤንኤስ ያሉት አንድ ነው፤ በመካከላቸው ስምንት ወር አለፈ። ባለሙያው ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ የጻፈው ግን ለሙያ ጓደኛው በሚገባ ቋንቋ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ድምፅ ነበረው፤ ምን እንደሚል የነገረው የባለሙያው ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ አንድ ገጽ እንዲታገድ ትእዛዝ ሲመጣ፣ ለድርጅታችን ጠበቆች አንድ ገጽ እጽፋለሁ። በዚህ አድራሻ ላይ ሌላ ማን አለ? የተመታው ሰው ለማን ያመለክታል? መልሱን ያለ ቴክኒክ ቃላት፣ ከመፈረማቸው በፊት እንዲያነቡት እሰጣቸዋለሁ። ሁልጊዜ አይቀበሉኝም። ቢያንስ የማይቀበሉት ምን እንደሆነ አውቀው ነው።