ምድር ሸፋኝ ጽጌረዳ፤ ዋጋው የሚለካው በአበባው ሳይሆን በሚያስቀረው ወጪ ነው

ጽጌረዳ ሲነሣ ነጋዴው ቶሎ የሚያስበው ከዝዋይ፣ ከሰበታና ከሆለታ እርሻዎች ተቆርጦ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ የሚላከውን አበባ ነው። የቤት ባለቤት ደግሞ የሚያስበው በአጥሩ ሥር የቆመውን ባለ ረጅም አገዳ ተክል ነው። ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ዓይነት አለ። ይህ ጽጌረዳ ወደ ላይ ከማደግ ይልቅ ወደ ጎን እየተዘረጋ መሬቱን የሚያለብስ ሲሆን፣ በውጭ ገበያ “ግራውንድከቨር ሮዝ” ይባላል። እኛ ምድር ሸፋኝ ጽጌረዳ ልንለው እንችላለን። የአብዛኛዎቹ ዝርያዎች ቁመት ከ30 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ስፋታቸው 1 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል።

ችግኙ ሲገዛ ከተራ ጽጌረዳ ሊወደድ ይችላል። ጥቅሙ የሚታየው ከተተከለ በኋላ በሚመጡት ዓመታት የአትክልተኛ፣ የመድኃኒትና የውሃ ወጪ ሲቀንስ ነው። በመሆኑም ገዢው የከፈለበትን ነገር ለይቶ ካላወቀ ብልጫውን ከፍሎ ጥቅሙን ሳያገኝ ይቀራል።

በሮዝ ማሰሮ የተሸጠ ተክል

በዚህ ዘርፍ በገበያ ከታወቁት ዝርያዎች አንዱን ያዳቀሉት ጀርመናዊው ቨርነር ኖአክ ናቸው። ዝርያው በአገሩ “ሃይደትራውም” በሚል ስም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ለገበያ ቀረበ። በ1990 (እ.ኤ.አ.) ኤ.ዲ.አር. የሚባለውን የጀርመን የጽጌረዳ ፈተና አለፈ። ይህ ፈተና ተክሎች በተለያዩ አካባቢዎች ለ3 ዓመታት ተተክለው የሚመዘኑበት ነው።

ተክሉን በዓለም ገበያ ያስተዋወቀው ግን የአውስትራሊያው የአንተኒ ቴሰላር ድርጅት ነው። ድርጅቱ “ፍላወር ካርፔት”፣ ማለትም የአበባ ምንጣፍ የሚል የንግድ ስም ሰጠው። በጥቁር ማሰሮ ከሚደረደሩት ሌሎች ችግኞች ተለይቶ እንዲታይም በደማቅ ሮዝ ፕላስቲክ ማሰሮ አቀረበው። ገዢው የዝርያውን ስም ባያስታውስ እንኳ ማሰሮውን ያስታውሳል። የሽያጩ ብልሃት ይህ ነበር።

እዚህ ላይ ለነጋዴ የሚጠቅም አንድ ልዩነት አለ። የተክሉ መብትና የስሙ መብት አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ሕግ የአንድ አዲስ ተክል ፓተንት ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ይጸናል። የንግድ ምልክት ግን እየታደሰ ይቀጥላል። ስለዚህ የቆየው ሮዝ አበባ ያለው ዝርያ የፓተንት ጊዜው በማለፉ ሌላ ችግኝ አብቃይ ሊያራባው ይችላል፤ በዚያው የንግድ ስም ግን ያለ ፈቃድ ሊሸጠው አይችልም። ከዚያ ወዲህ የወጡ አዳዲስ ዝርያዎች ገና በጥበቃ ሥር ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ቁራጭ እየተከሉ ለሽያጭ ማብዛት ያስጠይቃል። ኢትዮጵያም የዕፅዋት አዳቃዮችን መብት የሚጠብቅ አዋጅ አላት።

ብልጫው የሚከፈለው ለምንድነው?

የተለመደው ባለ ትልቅ አበባ ጽጌረዳ አራት ሥራዎችን ይጠይቃል። አንደኛው ለቅጠል በሽታ መድኃኒት መርጨት ነው። ሁለተኛው የደረቀ አበባን እየተከታተሉ መቁረጥ ነው። ሦስተኛው በዕውቀት መግረዝ ሲሆን፣ አራተኛው ከሥር ግንዱ የሚበቅለውን ባዕድ ቀንበጥ ማስወገድ ነው። ጥሩ ምድር ሸፋኝ ዝርያ እነዚህን ሁሉ ያቃልላል።

የቅጠል በሽታን እንውሰድ። ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ የሚይዘው ቅጠሉ ለብዙ ሰዓታት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው። ክረምቱ ዝናብ በሚያበዛበት ከተማ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። የምድር ሸፋኝ ዝርያዎች ቅጠል በአብዛኛው ትንሽ፣ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ነው። ለበሽታ አይበገሬነታቸው ተፈትኖ የተመረጡት ዝርያዎች ያለ መድኃኒት ርጭት ሊያድጉ ይችላሉ። ብዙዎቹ የጠወለገ አበባቸውን ራሳቸው ያራግፋሉ። ግርዛቱም በዓመት አንድ ጊዜ ቁጥቋጦውን በአጥር መቀስ ወደ አንድ ሦስተኛ ማሳጠር ነው።

ባዕድ ቀንበጥ የሚመጣው ተክሉ በሌላ ጽጌረዳ ግንድ ላይ ተቀጥሎ ሲሸጥ ነው። ከቁራጭ ተራብቶ በራሱ ሥር የቆመ ችግኝ ይህ ችግር የለበትም፤ ከሥሩ የሚወጣው ቀንበጥ ሁሉ የራሱ ነውና። ስለዚህ ሲገዙ “በራሱ ሥር ነው ወይስ ተቀጥሏል?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የ20 ካሬ ሜትር ሂሳብ

ከፍላወር ካርፔት ጋር ተመሳሳይ መጠን ያለው ዝርያ ለ1 ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ችግኝ ይተከላል። ለ20 ካሬ ሜትር ከ40 እስከ 60 ችግኝ ያስፈልጋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ወጪ ለመቀነስ ሲል አራርቆ 20 ብቻ ይተክላል። ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቅርንጫፎቹ እስኪገናኙ ድረስ ፀሐይ አፈሩን ታገኛለች፤ ፀሐይ ባለበት አረም አለ፤ አረሙ ደግሞ የሚነቀለው በእሾህ መካከል ነው። በችግኝ የተቆጠበው ገንዘብ በቀን ሠራተኛ ይወጣል። በጀቱ ካልበቃ አራርቆ ከመትከል ቦታውን አጥብቦ በሙሉ መሸፈን ይሻላል።

ከዚህ የከፋው ስህተት ያልጸዳ መሬት ላይ መትከል ነው። ምድር ሸፋኝ ጽጌረዳ አዲስ የሚበቅል አረምን ጥላ በመሆን ያፍናል እንጂ፣ እንደ ሰርዶ በመሬት ውስጥ የሚሄድ ሥር ያለውን አይገታም። ሰርዶ አንዴ በእሾሁ መካከል ከገባ ጽጌረዳውን ነቅሎ እንደገና ከመጀመር ሌላ መፍትሔ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ መሬቱ ቀድሞ በጥልቀት ይቆፈር፣ ሥሩ ይለቀም፣ ብስባሽ ይጨመር። ከተከላ በኋላም ተክሎቹ እስኪገናኙ በመካከላቸው ያለው አፈር ጉዝጓዝ ይልበስ።

ለጠባብ ግቢ ተክሉ የሚስማማው በተዳፋት፣ በድጋፍ ግንብ አናትና በአጥር ሥር ነው። በቀን ቢያንስ 5 ወይም 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። እሾሁ የሰው ልብስ እንዳይዝ ከመተላለፊያ ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ። መሬት ለሌለው ሰው ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከሥሩ የተበሳ ማሰሮ አንዱን ተክል ይችላል፤ ውሃው ግን ከመሬት ተክል ይልቅ ቶሎ ቶሎ መሰጠት አለበት።

የባሕር ነፋስና ጨዋማ ውሃ

በባሕር ዳርቻ ያለ ግቢ ሁለት ፈተና አለበት። ጨው የተሸከመው ነፋስ የቅጠሉን ውሃ እየመጠጠ ጠርዙን ያቃጥላል፤ አሸዋማው አፈርም ውሃና ማዳበሪያ አይዝም። ይህን የሚችሉት ዝርያዎች ከምሥራቅ እስያ ዳርቻዎች የመጡ ሁለት ወላጆች አሏቸው። አንዱ ቅጠሉ ወፍራምና የተጨማደደው ሮዛ ሩጎሳ ሲሆን፣ ሌላው በመሬት ላይ የሚሳበው ሮዛ ዊቹራና ነው። በ1919 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ለገበያ የወጣው “ማክስ ግራፍ” የሁለቱ ዲቃላ ነው።

ሩጎሳ ጠንካራ መሆኑ ግን ጉዳትም አለው። በሰሜን ባሕርና በባልቲክ ዳርቻዎች ከግቢ አምልጦ በአሸዋ ክምሮቹ ላይ በመስፋፋት የአካባቢውን ዕፅዋት አጥፍቷል። በእንግሊዝና በዌልስ በዱር መትከሉ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ በዳርቻ ለሚተክል ሰው የማይዛመት ዲቃላ ይመረጣል። ነፋሱንም ከድፍን ግንብ ይልቅ የሚያሳልፍ አጥር ያበርደዋል፤ ከማዕበል በኋላ ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ ማጠብም ይረዳል።

አንድ ነገር መለየት አለበት። የጨው ነፋስን የሚችል ተክል ሁሉ ጨዋማ የመስኖ ውሃን ይችላል ማለት አይደለም። ጽጌረዳ በአጠቃላይ ሥሩ ጨው አይወድም። ይህ ባሕር የሌለንን እኛንም ይመለከታል፤ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ሶዲየም የበዛበት ነውና። እዚያ ሎጅ ወይም የመዝናኛ ግቢ የሚያለማ ባለሀብት ችግኝ ከማዘዙ በፊት ውሃውን ያስመርምር።

ከመግዛት በፊት

ችግኝ ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ የማስገቢያ ፈቃድና የላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ይወቅ። ገዢም ይሁን አስመጪ ሻጩን አራት ጥያቄ ይጠይቅ፦ የዝርያው ትክክለኛ ስም ማን ነው? በራሱ ሥር የቆመ ነው? ያለ መድኃኒት የት ተፈትኗል? ሲያድግ ስፋቱ ስንት ይደርሳል? አራቱን መመለስ ያልቻለ ሻጭ የሚሸጠው የማሰሮውን ቀለም ነው፤ ብልጫ ሊከፈለው አይገባም።