የጀማ ገደል ዕድሜ በምን ይታወቃል?

ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ ሰው ወደ ጀማ ወንዝ ሲወርድ የገደሉ መልክ ይለዋወጥበታል። አናቱ እንደ መንዝ ደጋ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዝልት ነው። ዝቅ ሲል የአሸዋ ድንጋይና ቀላ ያለ የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያም ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። የኖራ ድንጋዩ የጥንት ባሕር ዝቃጭ ነው።

ባዝልቱ ከእሳተ ገሞራ ስለወጣ፣ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ምን ያህሉ ወደ አርጎን እንደተለወጠ ተለክቶ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነው ታውቋል። ከዛጎል ስባሪና ከባሕር ጭቃ ለተሠራው የኖራ ድንጋይ ግን ይህ ልኬት አይሆንም። ለእሱ የሚመሰክሩት በዓይን የማይለዩ ቅሪተ አካላት ናቸው።

ዋነኞቹ ፎራሚኒፌራ የተባሉ፣ ዛጎል የሚሠሩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው። እያንዳንዱ ዝርያ የሚታይበትና የሚጠፋበት ዘመን አለው፤ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። የአንዱ ዘመን ሰፊ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ አንድ ድንጋይ ውስጥ ሲገኙ ሁሉም አብረው የኖሩበት ጊዜ ይጠብባል። በአባይ ሸለቆና በመቀሌ ዙሪያ ካለው የኖራ ድንጋይ የሚወጣው ኩርኑቢያ የተባለ ፎራሚኒፌራ፣ ለምሳሌ፣ ከጁራሲክ ዘመን አያልፍም።

ድንጋዩ በመጋዝ ይቆረጥና መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትር እስኪቀር ይፋቃል። ያኔ ብርሃን ያሳልፋል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የዛጎሉ ውስጣዊ ክፍሎች ተቆርጠው ይታያሉ። ለስላሳ ጭቃ ከሆነ ግን ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በወንፊት ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላ ዛጎሎቹ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ይለቀማሉ።

ጥንቃቄም ይጠይቃል። የምኒልክ ብር በኃይለ ሥላሴ ዘመንም በሰው ኪስ ይገኝ እንደነበረ ሁሉ፣ ያረጀ ዛጎልም ታጥቦ አዲስ ደለል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ንብርብሩ በውስጡ ካለው ከመጨረሻው አዲስ ዝርያ ሊቀድም አይችልም።

ከኖራ ድንጋዩ በላይ ያለው ቀላ ያለ የጭቃ ድንጋይ፣ የሙገር የጭቃ ድንጋይ የሚባለው፣ በአብዛኛው ወንዝ ያመጣው ነው፤ የባሕር ዛጎል አይረዳውም። እዚህ የሚያገለግለው የዕፅዋት ብናኝ ነው፤ ድንጋዩን በሚያሟሟ አሲድ ውስጥ እንኳ ሽፋኑ አይሟሟም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በዚህ ብናኝ የጭቃ ድንጋዩን በጁራሲክ መጨረሻ፣ ከ150 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ መድቦታል። ከዚያው ድንጋይ የዳይኖሰር ጥርስም ተገኝቷል።

የዓመቱ ቁጥር ከብናኙ አይወጣም፤ ተመሳሳይ ቅሪተ አካላት በሌላው ዓለም ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ተደራርበው ሲገኙ የአመዱ ዕድሜ ይወሰድላቸዋል። የጭቃ ድንጋዩ ከኖራው በላይ ነውና፣ ዳይኖሰሮቹ ዛሬ ጀማ ባለበት አካባቢ ሲመላለሱ ባሕሩ ከዚያ ሸሽቶ ነበር ማለት ነው።