የሥራ ቀን ወይስ የሠራተኞች ቀን? ስለ አንድ በዓል ስያሜ አተረጓጎም

ለሠራተኛው ክብር የሚውለው በዓል በልዩ ልዩ አገሮች ልዩ ልዩ ስም አለው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ስያሜዎቹ ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚያስከትሉትን ችግር እንመለከታለን።

እንደሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1889 በፓሪስ የተሰበሰበው የሶሻሊስቶች ጉባኤ ሜይ 1ን የስምንት ሰዓት ሥራ የሚጠየቅበት ዕለት አድርጎ መረጠ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ነው። ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ይህን ዕለት፣ አሜሪካኖች ደግሞ በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ የሚያከብሩትን በዓል የሰየሙት በሥራው እንጂ በሠሪው አይደለም። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1948 ጥንታዊውን የመኸር በዓል፣ ኖቬምበር 23ን፣ ለሥራ ምስጋና የሚቀርብበት ቀን ብላ ሰይማዋለች።

እነዚህን ቃል በቃል «የሥራ ቀን» ብንላቸው ትርጉሙ ይገለበጣል፤ የሥራ ቀን በአማርኛ በዓል ያልሆነ ዕለት ነውና። ስለዚህ አማርኛ ሠሪውን መጥራቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሴፕቴምበሩን በዓል ያለ አገሩ ስም «የሠራተኞች ቀን» ብሎ መተው አንባቢውን ወደ ሚያዝያ 23 ይወስደዋል።

ሠሪውስ ማን ይባል? በ1960ዎቹ መጨረሻ ኢሕአፓ «ላብ አደር»ን ሲመርጥ መኢሶንና ደርግ «ወዝ አደር»ን ያዙ፤ ቃሉ የወገን መለያ እስከ መሆን ደረሰ። «ሠርቶ አደር» ደግሞ የጋዜጣ ስም ሆነ። በሁሉም «አደር» ማለት በዚያ ነገር የሚኖር ማለት ነው። ነገር ግን «አርሶ አደር» የራሱን ማሳ ሊያርስ ሲችል፣ «ላብ አደር»ና «ወዝ አደር» ከጉልበቱ በቀር መተዳደሪያ የሌለውን ያመለክታሉ።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። በቦንጋ አቅራቢያ፣ በማንኪራ የጫካ ቡና የሚለቅም ገበሬ በራሱ ይዞታ ሲለቅም አርሶ አደር ነው። ያው ሰው በሌላው ይዞታ፣ በአሠሪ አመራር ሥር፣ በለቀመው ልክ ሊከፈለው ተስማምቶ ሲሠራ ግን በ1156/2011 አዋጅ አነጋገር ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ የቁርጥ ሥራንም ያውቃልና። እንግዲህ ተርጓሚው ሁልጊዜ «አርሶ አደር» ብሎ ቢጽፈው ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ያደረገው ያስመስላል።

ስለዚህ ለበዓሉ «ዓለም አቀፍ የሠራተኞች ቀን»፣ ለሕግ ጽሑፍ «ሠራተኛ» እንዲጸና፣ «ላብ አደር»ና «ወዝ አደር» ግን የዘመኑ ጽሑፎች ሲተረጎሙ ሳይለዋወጡ እንዲጠበቁ ሐሳብ እናቀርባለን።