የሽጉጥ ጥይትን ቤት ውስጥ መልሶ መሙላት ያዋጣል?

የሽጉጥ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ ተኩሱ የሚበላው ሦስቱን ነው። አረሩ ወደ ዒላማው ይሄዳል፣ ባሩዱ ነዶ ጋዝ ይሆናል፣ በቀለሁ ቂጥ ተሰክታ እሳቱን የምታስነሳው ትንሿ ካፕሱል ደግሞ በመርፌ ተመትታ ሥራዋን ትጨርሳለች። ቀለሁ ግን ትንሽ ከመለጠጡ በቀር ሳይጎዳ ይተርፋል። ቀለህ የሚሠራው 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ካለው ናስ ሲሆን፣ ቅርጹን የሚይዘው በተደጋጋሚ እየተጫነና እየተሳበ ነው፤ ከጥይቱ ክፍሎች ብዙ ሥራ የሚፈጀውም እሱ ነው። መልሶ የመሙላት ሐሳብ የሚነሳው ከዚሁ ነው። የተረፈውን ቀለህ አጽድቶ ወደ ልኩ መልሶ፣ አዲስ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር የጨመረበት ሰው ሌላ ጥይት ያገኛል።

ይህ ሥራ ከሁሉም በላይ የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለራሱ መተኮሻ የሚሞላውን ሰው ፈቃድ አይጠይቀውም፤ ለሽያጭ የሚያመርተው ግን የአምራችነት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች በቤት ሊቀመጥ ስለሚችለው የባሩድና የካፕሱል መጠን የየራሳቸው ደንብ አላቸው። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ጉዳይ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ቁጥጥር ሥር ስለሆነ፣ እዚህ የሚቀርበው ስሌት የአሜሪካን ገበያና የአሜሪካን ሕግ ብቻ ይመለከታል። ልማዱ በዚያ አገር የሰፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የካንሳሱ ብሩስ ሆጅደን ከጦሩ የተረፈ ባሩድ ገዝቶ ለአዳኞችና ለዒላማ ተኳሾች መቸርቸር ጀመረ፤ በነብራስካ ጆይስ ሆርናዲ በ1949 እ.ኤ.አ. አረር የሚያመርት ድርጅት አቋቋመ፤ በዊስኮንሰን ሪቻርድ ሊ በ1958 እ.ኤ.አ. ማንም ሊገዛው የሚችል ርካሽ የእጅ መሙያ ነደፈ። ባሩዱ፣ አረሩና መሣሪያው በየከተማው ሱቅ ሲገኝ፣ ጥይት መሙላት የባለሙያ ሥራ መሆኑ ቀረ።

ሁሉም ቀለህ ግን መልሶ አይሞላም። የብረትና የአሉሚኒየም ቀለሆች ርካሽ ስለሆኑ በገበያው ላይ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ናስ ተለጥጠው ስለማይመለሱ ይጣላሉ። ከናሶቹም መካከል ልዩነት አለ። በ1866 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሁለት የካፕሱል አሠራሮች ወጡ። አሜሪካዊው ሂራም በርዳን ካፕሱሏ ስትመታ የምትደገፍበትን ጉብታ ከቀለሁ ጋር አንድ አድርጎ፣ እሳቱ የሚያልፍባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች በጎንና በጎኑ አደረገ። እንግሊዛዊው መኮንን ኤድዋርድ ቦክሰር ጉብታውን በካፕሱሏ ውስጥ አስገብቶ ለእሳቱ በመሐል አንድ ቀዳዳ ብቻ ተወ። በዚያች አንድ ቀዳዳ ቀጭን ዘንግ አስገብቶ የተቃጠለችውን ካፕሱል ገፍቶ ማውጣት የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ በበርዳን ቀለህ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። አሜሪካ የእንግሊዛዊውን አሠራር ወሰደች፤ አብዛኛው አውሮፓ የአሜሪካዊውን። በአሜሪካ ገበያ ያለው የሽጉጥ ጥይት ከሞላ ጎደል በቦክሰር አሠራር የተሠራ መሆኑ ለቤት ሞዪዎች ትልቅ ዕድል ነው። ቦክሰር ይህን የነደፈው ለስናይደር ጠመንጃ ጥይት ነበር፤ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ድረስ ይዞት የመጣው፣ በአገራችን ሰናድር ተብሎ የቀረው ጠመንጃ ማለት ነው።

አሞላሉ ቅደም ተከተል አለው። ቀለሁ መጀመሪያ በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም በውሃና በጥቃቅን የብረት መርፌዎች በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይጸዳል። ከዚያ ፕሬስ ላይ ይወጣል፤ ፕሬሱ እጀታው ሲሳብ ቀለሁን ሽቅብ ገፍቶ ዳይ ወደሚባል የብረት ቅርጽ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ዳይ በተኩሱ የሰፋውን ቀለህ ጨምቆ ወደ ልኩ ይመልሳል፣ የተቃጠለችውንም ካፕሱል ያስወጣል። ቀጥ ላለ የሽጉጥ ቀለህ የተንግስተን ካርባይድ ቀለበት ያለው ዳይ ስለሚሸጥ ቅባት መቀባት አያስፈልግም፤ ይህ አንገት ካላቸው የጠመንጃ ቀለሆች አንጻር ሥራውን በእጅጉ ያቀላል። ቀጥሎ አዲስ ካፕሱል ትሰካለች፣ አረሩ ሳይፋቅ እንዲገባ የቀለሁ አፍ በጥቂቱ ይከፈታል፣ የተመዘነ ባሩድ ይጨመራል፣ አረሩ እስከ ተወሰነለት ጥልቀት ይገባል፣ በመጨረሻም የተከፈተው አፍ ተመልሶ አረሩን ይይዛል። የባሩዱ ዓይነትና መጠን፣ የአረሩ ክብደትና የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት የሚወሰዱት በላቦራቶሪ ግፊታቸው ተለክቶ ከታተሙ መመሪያዎች ብቻ ነው። በግምት የሚሠራ ነገር የለም።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ የወጪው የመጀመሪያ ክፍል ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራው ቀላል ፕሬስ ከነሚዛኑ፣ ከርዝመት መለኪያው ካሊፐር፣ ከነዳዮቹ፣ ከማጽጃውና ከመመሪያው ጋር በቁጠባ ቢገዛ 500 ዶላር ገደማ ይፈጃል፤ በሰዓት ከ50 እስከ 100 ጥይት ያወጣል። ተከታታይ የሚባለው ፕሬስ እጀታው በተሳበ ቁጥር በየጣቢያው ያሉትን ቀለሆች አንድ እርምጃ አሳልፎ አንድ ያለቀ ጥይት ይጥላል፤ የለመደ ሰው በሰዓት 500 ይሞላበታል። ዋጋው ከነተጓዳኞቹ 1,200 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው።

ሁለተኛው ክፍል የየጥይቱ ወጪ ነው። ዋጋ ከወር ወር ቢለዋወጥም፣ ከቅርብ ዓመታት ገበያ ተነሥቶ ማስላት ይቻላል። ባሩድ በፓውንድ ይሸጣል፤ አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው። ፓውንዱ 40 ዶላር ቢሆንና አንድ ጥይት 5 ግሬን ቢወስድ፣ ከአንዱ ቆርቆሮ 1,400 ጥይት ይወጣል፤ ለአንዱ 3 ሳንቲም ገደማ። ካፕሱሏ 7 ሳንቲም፣ የ9 ሚሊ ሜትር አረር 10 ሳንቲም ቢደርሱ ድምሩ 20 ሳንቲም ነው። ፋብሪካ የሠራው የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት በጅምላ 24 ሳንቲም ገደማ ይገኛል። ልዩነቱ 4 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ያውም ቀለሁ በነጻ ከተገኘ። አንዴ የተተኮሰ የ9 ሚሊ ሜትር ቀለህ የሚገዛ ሰው በአንዱ 4 ወይም 5 ሳንቲም ስለሚከፍል፣ ያችም ልዩነት ትጠፋለች።

በዚህ ልዩነት የ500 ዶላሩ መሣሪያ ዋጋውን የሚመልሰው 12,500 ጥይት ሲሞላበት ነው። በወር 200 ጥይት የሚተኩስ ሰው ይህን ለመድረስ ከአምስት ዓመት በላይ ይወስድበታል። ጊዜውም ሊቆጠር ይገባል፤ በቀላሉ ፕሬስ በሰዓት 75 ጥይት የሚሞላ ሰው የሚቆጥበው በሰዓት 3 ዶላር ነው፤ የአሜሪካ የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ እንኳ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ሽጉጡ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነና በመጠኑ የሚተኩስ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ መሙላት ቢጀምር ይከስራል። ይህን የመሣሪያ ሻጮች ደፍረው አይናገሩም፤ መነገር ግን አለበት።

የጥይቱ ልክ፣ ማለትም ካሊበሩ፣ ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ፋብሪካዎች በቢሊዮን ስለሚያመርቱት እጅግ ረክሷል፤ ብዙ ገዢ የሌላቸው ግን እንደዚያ አይደሉም። የ45 ኤሲፒ ጥይት ከሱቅ 43 ሳንቲም ገደማ ሲያወጣ፣ ቤት ቢሞላ 27 ይፈጃል። ለሪቮልቨር የሚሆነው 38 ስፔሻል ከሱቅ 45፣ በተቀባ የእርሳስ አረር ቤት ሲሞላ 21 ሳንቲም ነው፤ ከግማሽ በታች። 44 ማግነም ላይ ደግሞ ልዩነቱ በአንድ ጥይት 50 ሳንቲም ሊያልፍ ይችላል፤ በዚህ ስሌት 1,000 ጥይት እንኳ ሳይሞላ መሣሪያው ዋጋውን ይመልሳል። ሪቮልቨር ሌላም ጥቅም አለው፤ የተተኮሰው ቀለህ በመዘውሩ ውስጥ ይቀራል እንጂ እንደ አውቶማቲክ ሽጉጥ ወለል ላይ ተበትኖ አይለቀምም። እንደ 455 ዌብሊ ወይም 7.63 ማውዘር ያለ የድሮ ሽጉጥ ያለው ሰው ደግሞ ጥይቱን ሱቅ ውስጥ የሚያገኘው አልፎ አልፎና በውድ ስለሆነ፣ ለእሱ መሙላት ሽጉጡን ለመተኮስ የቀረው መንገድ ነው።

የተኩስ ብዛትም ሚዛኑን ይለውጣል። ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው በወር 1,000 ጥይት ቢተኩስ፣ በ9 ሚሊ ሜትር ሳይቀር በዓመት 480 ዶላር ይቆጥባል፤ የ1,200 ዶላሩ ተከታታይ ፕሬስም በሁለት ዓመት ተኩል ራሱን ይከፍላል። ለዚህ ሰው ግን ከገንዘቡ የሚበልጥ ምክንያት አለ። በአሜሪካ በተግባራዊ ተኩስ ውድድር የአረሩ ክብደት በግሬን፣ በፍጥነቱ በሰከንድ ጫማ ተባዝቶ ለ1,000 ይካፈላል፤ ውጤቱ ለዝቅተኛው ምድብ 125፣ ለከፍተኛው 165 መድረስ አለበት። አብዛኛው የፋብሪካ ጥይት ከምድቡ መስፈርት በላይ ይመታል፤ ራሱ የሚሞላው ተወዳዳሪ ከመስፈርቱ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ፣ ለእጁ ለስላሳና ለሽጉጡ የሚስማማ ጥይት ያዘጋጃል። ይህ በገንዘብ አይተመንም፤ ብዙዎቹ ዓመታት ሙሉ ሲሞሉ የሚኖሩት ግን በዚሁ ምክንያት ነው።

መሙላት ከጥይት እጥረት ያድናል የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወረርሽኙ ወቅት ገዢው በዝቶ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከ60 ሳንቲም በላይ ሲሸጥ፣ ቀድሞ 3 ሳንቲም የነበረችው ካፕሱልም ከ10 ሳንቲም አልፋ በብዙ ሱቅ ጨርሳ ጠፋች። ፋብሪካዎች ካፕሱሉን ለራሳቸው ጥይት ያስቀድማሉና ለቤት ሞዪው የሚደርሰው ትራፊው ነው። የተጠቀሙት አስቀድመው ያከማቹ ናቸው፤ በእጥረቱ መሐል መሣሪያ የገዙት ባዶ ፕሬስ ይዘው ተቀመጡ። ባሩድና ካፕሱል በፖስታ የሚያዝም ሰው ለአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ ተጨማሪ ክፍያ ስላለበት፣ ጥቂት ጥቂት መግዛት አያዋጣውም።

ቀለሁ ራሱ ዕድሜ አለው። የ45 ኤሲፒ የግፊት ጣራ በካሬ ኢንች 21,000 ፓውንድ ስለሆነ ቀለሁ ከአሥር ጊዜ በላይ ይሞላል፤ ጣራው 35,000 የሆነው 9 ሚሊ ሜትርም ብዙ ጊዜ ያገለግላል፣ አፉ እስኪሰነጠቅ ወይም ካፕሱሏን መያዝ እስኪያቅተው። የ45 ኤሲፒ ቀለህ በሁለት የካፕሱል ልክ ስለሚሠራ ሳይለዩ መቀላቀሉ ሥራውን ደጋግሞ ያስቆማል። አንዳንድ የተኩስ ሜዳዎች ወለል ላይ የወደቀውን ቀለህ ለራሳቸው ሰብስበው ስለሚሸጡ፣ ደንባቸውን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሒሳብ መዝገብ የማይገባው ወጪ አደጋው ነው። የሽጉጥ ባሩድ ፈጥኖ የሚነድ፣ በመጠንም ትንሽ በመሆኑ አንድ ቀለህ ሁለት እጥፍ ተሞልቶ እንኳ ላይፈስ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጥይት ሽጉጡን ሊያፈነዳ ይችላል። ባሩድ የተረሳበት ጥይት ደግሞ በካፕሱሏ ኃይል ብቻ አረሩን አፈሙዙ ውስጥ ይወትፋል፤ ተኳሹ ሳያስተውል ሁለተኛ ቢተኩስ አፈሙዙ ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ አረሩ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በደማቅ ብርሃን ማየት ግዴታ ነው፤ የሚሞላው ሰው ቴሌቪዥን እየተመለከተ ወይም ከሰው ጋር እያወጋ ሊሠራ አይገባም። የካፕሱል ቅሪት እርሳስ ስላለው፣ ቀለህ የሚጸዳበት አቧራ ሕፃናት ከሚጫወቱበትና ምግብ ከሚቀርብበት ስፍራ መራቅ፣ እጅም በሳሙና መታጠብ አለበት። ብዙ የሽጉጥ አምራቾች በቤት የተሞላ ጥይት ላደረሰው ጉዳት ዋስትና አይሰጡም፤ ራሳቸውን ለመከላከል ሽጉጥ የሚይዙ ሰዎችም ለዚያ ዓላማ የፋብሪካ ጥይት እንዲጠቀሙ ይመከራሉ።

እርሳስ አቅልጦ አረሩንም ራሱ የሚሠራ ሰው ትልቁን ወጪ ይቀንሳል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ የሚያስፈልገው ማቅለጫ፣ የቅርጽ ማውጫና አየር የሚዘዋወርበት ስፍራ ነው። ቀድሞ ከጎማ ጥገና ቤቶች በነጻ ይገኝ የነበረው የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ዛሬ በብረትና በዚንክ እየተተካ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት በግዢ የተገኘ እርሳስ ነው። በዚህ መንገድ የተሞላ 38 ስፔሻል ከካፕሱሏና ከባሩዱ ዋጋ ብዙም የማይበልጥ ወጪ ይኖረዋል፤ በምትኩ የሚጨምረው የሥራ ሰዓቱና ለእርሳስ ጢስ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው።