የሠራተኛ ስሜት በቁጥር፦ ሬንሲስ ሊከርትና የሥራ ቦታ አመለካከት ልኬት

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚቀርቡ የሥራ አመራር ጥናቶችን ያገላበጠ ሰው አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ደጋግሞ ያገኛል። በአንድ በኩል «የሚከፈለኝ ደመወዝ ከሥራዬ ጋር ይመጣጠናል»፣ «የቅርብ አለቃዬ ሐሳቤን ያዳምጣል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ይደረደራሉ። በሌላው በኩል «በጣም አልስማማም» ከሚለው አንስቶ «በጣም እስማማለሁ» እስከሚለው ድረስ አምስት ሣጥኖች አሉ። ሠራተኛው ምልክት ያደርጋል፤ ተመራማሪው ምልክቱን ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ኮምፒውተሩ አማካዩን ያወጣል። አሠራሩ ከመለመዱ የተነሣ ከየት እንደመጣና እስከምን ድረስ እንደሚታመን የሚጠይቅ ብዙ አይደለም። መነሻው ግን የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የዶክትሬት ጥናት ነው። አጥኚው ሬንሲስ ሊከርት ይባላል።

ሊከርት በ1903 በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ ሸየን ከተማ ተወለደ። በ1922 የባቡር ሠራተኞች አድማ ሲመቱ በዩኒየን ፓስፊክ ኩባንያ ልምምድ ላይ ነበር። አሠሪና ሠራተኛ እርስ በርስ አለመደማመጣቸውን በቅርብ አየ። ምህንድስና ሊማር ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ፊቱን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ አዞረ።

እሱ ወደ መስኩ ሲገባ «አመለካከት ይለካል» ማለት ራሱ አከራካሪ ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ተርስቶን በ1928 አመለካከትን መለካት እንደሚቻል ተከራክሮ ጽፏል፤ ዘዴው ግን አድካሚ ነበር። ተርስቶንና ባልደረባው ቼቭ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን ያላቸውን አመለካከት ለመለካት 130 ዓረፍተ ነገሮች ሰብስበው ለ300 ዳኞች ሰጡ። ዳኞቹ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር የያዘውን ድጋፍ ወይም ተቃውሞ እየመዘኑ በ11 ምድብ ደለደሉት። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ የተመረጡት 45 ብቻ ናቸው።

ሊከርት ዳኞቹን አስቀረ። መልስ ሰጪው ራሱ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚስማማ ይናገር፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይያዝለት፣ ነጥቦቹም ይደመሩ አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለ ዘር ግንኙነት፣ ስለ ዓለም አቀፍ ትብብርና ስለ ኢምፔሪያሊዝም ጠይቆ ውጤቱን ከተርስቶን ዘዴ ጋር አነጻጸረ። ቀላሉ መንገድ በጥቂት ጥያቄዎች ከአድካሚው ያላነሰ አስተማማኝነት እንዳለው አሳየ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የሊከርት መለኪያ የሚባለው ባለ አምስት ሣጥኑ አንድ ጥያቄ ሳይሆን የጥያቄዎቹ ድምር ነው። ጠዋት ከአለቃው ጋር የተጋጨ ሠራተኛ ስለ አለቃው የቀረበለትን አንድ ጥያቄ በንዴት ሊመልስ ይችላል። ስለዚያው ጉዳይ ከተለያየ አቅጣጫ ስምንት ወይም አሥር ጥያቄ ሲቀርብለት ግን የአጋጣሚው ስሕተት ይጣፋል፤ ጸንቶ የሚቆየው ስሜት ጎልቶ ይወጣል።

በዚያው ዘመን የፋብሪካ ሠራተኞችን የማዳመጥ ሥራም ተጀምሮ ነበር። ቺካጎ አጠገብ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ የሆውቶርን ፋብሪካ ከ1928 ጀምሮ ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኞች ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል። በ1935 ሮበርት ሆፖክ የፔንሲልቬንያዋን ኒው ሆፕ ከተማ ሠራተኞች ጠይቆ በሥራ እርካታ ላይ መጽሐፍ አሳተመ። ሊከርት ደግሞ በ1939 በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የገበሬዎችን አስተያየት የሚያሰባስብ ክፍል መምራት ጀመረ፤ በ1946 ባልደረቦቹን ይዞ ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በመሄድ የዳሰሳ ጥናት ማዕከል አቋቋመ። ማዕከሉ በፕሩደንሺያል የኢንሹራንስ ኩባንያ ባካሄደው ጥናት፣ የተሻለ ውጤት የሚያስመዘግቡት ክፍሎች አለቆች ከሥራው ይልቅ ለሠራተኛው የሚጨነቁ ሆነው ተገኙ። ሊከርት ይህንና መሰል ግኝቶችን አሰባስቦ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ አመራርን ከአምባገነናዊው እስከ አሳታፊው በአራት ዓይነት ከፈለ።

ከ1960ዎቹ ወዲህ መለኪያዎቹ በዙ። በ1967 የወጣው የሚኒሶታ የእርካታ መጠይቅ ረጅሙ 100፣ አጭሩ 20 ጥያቄዎች አሉት። ፖል ስፔክተር በ1985 ያዘጋጀው ደግሞ በ36 ጥያቄዎች ዘጠኝ ጉዳዮችን ይመለከታል። በ1969 ፓትሪሺያ ስሚዝና ባልደረቦቿ ያቀረቡት መለኪያ አንድ ትልቅ ትምህርት ይዟል። መልሱ «አዎ»፣ «አይደለም» ወይም የጥያቄ ምልክት ነው። ማንም ሰው የጥያቄ ምልክቱን መካከለኛ አድርጎ ይገምታል። ተመራማሪዎቹ መልሶቹን ሲመረምሩ ግን ለመወሰን የሚያመነቱት ሠራተኞች ከረኩት ይልቅ ላልረኩት የሚቀርቡ ሆነው አገኟቸው። ስለዚህ ለ«አዎ» 3፣ ለጥያቄ ምልክት 1፣ ለ«አይደለም» 0 ሰጡ። በባለ አምስት ሣጥኑ መጠይቅ መካከል ላይ ላለው «እርግጠኛ አይደለሁም» ሳያጣራ 3 ነጥብ የሚሰጥ ተመራማሪ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ቁጥሩ ራሱ ምን ዓይነት ቁጥር ነው የሚለው ክርክርም አልተቋጨም። ስታንሊ ስቲቨንስ በ1946 ልኬትን በአራት ደረጃ ከፍሎ፣ ቅደም ተከተልን ብቻ የሚያሳይ ቁጥር አማካይ ሊወጣለት እንደማይገባ አሳሰበ። በ«እስማማለሁ» እና በ«በጣም እስማማለሁ» መካከል ያለው ርቀት ከሌሎቹ ጋር እኩል ለመሆኑ ማረጋገጫ የለም። ለአንድ ነጠላ ጥያቄ ማስጠንቀቂያው ክብደት አለው፤ የብዙ ጥያቄዎች ድምር ሲሆን ግን አብዛኞቹ ተመራማሪዎች አማካይ ማውጣትን ይቀበላሉ።

ሌላው ታዋቂ ቁጥር ሊ ክሮንባክ በ1951 ያስተዋወቀው አልፋ ነው። በአንድ መጠይቅ ውስጥ ያሉ ጥያቄዎች ምን ያህል እንደሚጣጣሙ ያሳያል። «0.70 ካለፈ በቂ ነው» የሚለው ልማድ ከጁም ነናሊ የተወሰደ ነው፤ ነናሊ ግን ያንን ያለው ለጀማሪ ጥናት ሲሆን፣ ስለ አንድ ሰው ዕጣ ለመወሰን 0.90 እንኳ ዝቅተኛው ነው ብሏል። አልፋ የጥያቄዎቹ ቁጥር ሲበዛም ይጨምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠይቁ የታሰበውን ነገር መለካቱን አይመሰክርም፤ አሥር ጥያቄዎች እርስ በርስ ተስማምተው ሁሉም ፍርሃትን እንጂ እርካታን ላይለኩ ይችላሉ።

የረካ ሠራተኛ የበለጠ ይሠራል ወይ? አያፋልዳኖና ሙቺንስኪ በ1985 የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስበው በእርካታና በሥራ ውጤት መካከል ያለው ዝምድና 0.17 ብቻ ነው አሉ። በ2001 ቲሞቲ ጀጅና ባልደረቦቹ 54,417 ሰዎችን ያካተቱ 312 ናሙናዎችን እንደገና ሲያሰሉ ቁጥሩ ወደ 0.30 ከፍ አለ። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት የልኬት ስሕተት የሚታረምበት መንገድ ነው። ያው ግንኙነት እንደ አለካኩ ደካማም መካከለኛም ሊመስል ይችላል።

ኢትዮጵያን የሚነካ ምሳሌም አለ። ሆላንዳዊው ኼርት ሆፍስቴድ በ1967 እና በ1973 መካከል በተለያዩ አገሮች የሚገኙ የአይቢኤም ሠራተኞች የሞሉትን ከ100 ሺህ በላይ መጠይቅ ተንትኗል። የኢትዮጵያ መልስ ብቻውን አልወጣም፤ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር ተደምሮ «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል አንድ ቁጥር ቀረበ። ያንን ቁጥር የኢትዮጵያውያን የሥራ ባህል መለኪያ አድርጎ መጥቀስ መረጃው ከሚችለው በላይ ማናገር ነው። በሌላ በኩል፣ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ያካሄዱትና በ2018 የታተመው ጥናት የሠራተኛውን ምርጫ በድርጊቱ ተመልክቷል፤ በዕጣ ሥራ ካገኙት ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀዋል። መጠይቅ ከእንዲህ ያለ መረጃ ጋር ሲተያይ ይጠነክራል።

ከውጭ የተወሰደ መጠይቅ ወደ አማርኛ ሲመለስም ጥንቃቄ ይሻል። ሪቻርድ ብሪዝሊን በ1970 ያስረዳው ዘዴ፣ አንድ ሰው የተረጎመውን ሌላ ሰው ዋናውን ሳያይ መልሶ እንዲተረጉመው ያደርጋል። አሉታዊ ዓረፍተ ነገሮች በተለይ ያሳስታሉ። «አለቃዬ አድልዎ አያደርግም» ለሚለው «አልስማማም» ብሎ የሚመልስ ሠራተኛ ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ሁለቴ ማንበብ አለበት፤ በሥራ መሀል ተጠርቶ መጠይቅ የሚሞላ ሰው ደግሞ ሁለቴ አያነብም። ሁሉን «እስማማለሁ» የማለት ልማድና ወረቀቱ አለቃ እጅ ይገባል የሚል ስጋትም ውጤቱን ያዛባሉ።

ስለዚህ መጠይቅ የምታዘጋጁ ተመራማሪዎች፣ ከመበተናችሁ በፊት ጥቂት ሠራተኞች ጥያቄዎቹን ጮክ ብለው አንብበው የገባቸውን እንዲነግሯችሁ አድርጉ። የድርጅት ኃላፊዎች ደግሞ ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ አትቆልፉት። የሊከርት የሥራ ባልደረባ ፍሎይድ ማን በዲትሮይት ኤዲሰን ኩባንያ ባደረገው ሥራ፣ ውጤቱ ተመልሶላቸው በቡድን የተወያዩበት ክፍሎች ካልተወያዩት የበለጠ ለውጥ አሳይተዋል። የሞላውን መጠይቅ ውጤት ማየት የሠራተኛው መብት ይሁን።