ሥራ ፈላጊ ተማሪ የቃል አመራረጥን ይማር

አንድ ወጣት በከፍተኛ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ደክሞ የሒሳብ አያያዝን ጠንቅቆ ከተማረ በኋላ፥ ሥራ ሲጠይቅ የሚያቀርበው ሲቪ የሚባለው ወረቀት ብዙ ጊዜ ከሁለት ገጽ አያልፍም። የድካሙም ዋጋ በመጀመሪያ የሚገመተው በዚያ ወረቀት ላይ በሰፈሩት ቃላት ነው። ቀድሞ ወረቀቱን የሚመረምረው ሰው ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ማመልከቻ በኮምፒዩተር በሚቀበሉት ድርጅቶች ዘንድ፥ ቀጣሪው የሚሻውን ቃል ጽፎ ያን ቃል የያዙትን ብቻ ለይቶ ለማውጣት ይችላል። ቃሉ የሌለበት ወረቀት፥ ባለቤቱ ዐዋቂ ቢሆንም እንኳ፥ ሳይነበብ ሊቀር ነው።

ስለዚህ ተማሮች ትምህርታቸውን ከመፈጸማቸው አስቀድሞ ይህን ነገር ሊማሩት ይገባል። ማስተማሪያውም ሩቅ አይደለም፤ በየጋዜጣው የሚወጣው የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይበቃል። መምህሩ የአንድ ሙያ ማስታወቂያዎችን ዐሥር ያህል ሰብስቦ ቢሰጣቸው፥ እነርሱም የተደጋገመውን የሙያ፥ የመሣሪያና የሥራ ስም ቢያሰምሩበት፥ ቀጣሪው በምን ቋንቋ እንደሚናገር ይገባቸዋል። ትጉህ ነኝ፥ ታማኝ ነኝ የሚለውንማ ማን የማይጽፍ አለ?

ለምሳሌ ያህል ፒችትሪ ይባል የነበረው የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሴጅ 50 ተብሏል። ነገር ግን በአገራችን ብዙ ቀጣሪዎች የሚጠሩት በቀድሞ ስሙ ነውና፥ አዲሱን ስም ብቻ የጻፈ ወጣት ሲፈለግ አይገኝም፤ ሁለቱንም ስም መጻፍ አለበት። እንደዚሁም አዋጅ ቍጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ የሒሳብ ሰዎች የሚጠየቁትን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች፥ በሙሉ ስሙም አይኤፍአርኤስ በሚለው አጭር ስሙም መጥቀስ ይጠቅማል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። «ሒሳብ ሠራተኛ» እና «ሂሳብ ሰራተኛ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ኮምፒዩተር ግን አስቀድሞ ካልተሰናዳለት በቀር ፊደልን በመልኩ እንጂ በድምፁ አያውቀውም። ስለዚህ አመልካቹ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ፊደል መከተል ይሻለዋል፤ ይህም የፊደልን ሥርዐት ለሚያከብር ሰው ቢከብደውም ነው።

ይህ ሁሉ ኮምፒዩተር ያመጣው ጣጣ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ በ1482 ዓ.ም. ገደማ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ባሰናዳው የሥራ ጥያቄ ደብዳቤ ብዙውን ስፍራ የሰጠው ለሚጓጓዝ ድልድይ፥ ለመድፍና ለተሸፈነ የጦር ሠረገላ ነበር፤ ሥዕል ማወቁን የጠቀሰው በመጨረሻ ነው። ገዥው የሚያስበው ስለ ጦርነት መሆኑን ተረድቶ ነበርና።

አንዳንዶች ግን የማያውቁትን ቃል ሁሉ ከማስታወቂያው እየገለበጡ ይደረድራሉ፤ ቃሉን በነጭ ቀለም ጽፈው ከሰው ዐይን የሚሰውሩም አሉ። መምህሩ ተማሪው በመረጠው ቃል ሁሉ አንጻር፥ ያን ሥራ የትና መቼ እንደ ሠራው በአንድ መስመር እንዲጽፍ ቢያዝዘው፥ ባዶው ቃል ወዲያው ይለያል። ፒችትሪ ዐውቃለሁ ብሎ የጻፈ ወጣት በፈተናው ቀን ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ደረሰኝ መዝግብ ሊባል ይችላልና።